በሩ የሚዘጋው ለማን ነው?

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ አውስትራሊያው ሲምፕሰን በረሃ ስንማር አንድ ነገር አከራከረን። በዚያ ያሉት ፓርኮች በየዓመቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15፣ ለተጓዥ ዝግ ናቸው። ወቅቱ የነሱ በጋ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከፊላችን «እንዴ! ሰው በገዛ ነፍሱ ቢፈርድ ምን አገባቸው?» አልን።

ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ ግን ሐሳባችን ተለወጠ። ከ1,000 በላይ የአሸዋ ኮረብቶች በተደረደሩበት በረሃ መኪና ቢሰበር ውሃ ያልቃል፤ እርዳታም ቅርብ አይደለም። ፈላጊውም ቢሆን የሚወጣው በዚያው ሐሩር ነው። ታዲያ የአንዱ ድፍረት የሌላውን ነፍስ የሚያስይዝ ከሆነ «የራሴ ጉዳይ» ማለት ከየት ይመጣል?

እጩ መምህራን! ነገ ተማሪዎችን ለትምህርት ጉብኝት ይዘን የምንወጣው እኛው ነን። ወንዝ በሞላ ጊዜ «ዛሬ አንሄድም» ማለት ያስኮርፋል፤ ፈሪም ያሰኛል። ቢሆንም ኩርፊያ ያልፋል፤ ወንዝ የወሰደው ልጅ ግን አይመለስም። በጊዜው የተዘጋ በር ንፍገት አይደለም፤ «ቆይታችሁ በደህና ኑ» ማለት ነው። ይህን ለማለት ከአሁኑ እንልመድ።