ጡሩምባው ከለቅሶ በፊት ቢነፋስ?

ባለፉት ሳምንታት ስለ ቅናት፣ ስለ አማት፣ ስለ ሠርግ ወጪ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ዛሬ ደግሞ ስለ ወንዝ ሙላት ላወራችሁ ነው። «ደግሞ ይሄ ከትዳርና ከኑሮ ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ። ግንቦት ሊወጣ ነው፣ ሰኔ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ እጄ የገባው ደብዳቤም የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ከተጋባን 8 ወራችን ነው። የቤት ኪራይ አናታችን ላይ ወጥቶ ስንንከራተት ቆይተን፣ በስንት መከራ እዚሁ አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ሁለት ክፍል ቤት በርካሽ አገኘን። ባለቤቴ በደስታ ጮቤ ረገጠ። እኔ ግን ክረምቱ እየቀረበ ሲመጣ ሆዴ ይባባ ጀመር። ከጓሮ በኩል ያለው ግንብ ሥሩ ተቦርቡሯል። ግድግዳው ላይ ጉልበቴ ድረስ የጭቃ መስመር አለ። አከራያችን ‹እኔ 20 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ምንም አይልም› ይሉናል። ባለቤቴም ‹አንቺ ደግሞ ፍርሃት ታበዣለሽ፤ ውሃ ከመጣ ወጥተን እንሮጣለን› ይለኛል። እናቱ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ያለ ደጋፊ ደጅ እንኳን አይወጡም። እኔም የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማታ ማታ በዚህ ነገር እንጣላለን። እውነት ፍርሃት አብዝቼ ነው? ባሌንስ እንዴት ላሳምነው?»

እህቴ፣ ፍርሃት አላበዛሽም። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ 12ኛ ክፍል ነው። የጭቃ መስመር ለማንበብ ግን ዲግሪ አያስፈልግም። ግድግዳሽ ላይ ያለው መስመር ወንዙ «እዚህ ድረስ መጥቼ ነበር» ብሎ የፈረመበት ነው። አከራይሽ 20 ዓመት መኖራቸው እሰየው ነው፤ ለ21ኛው ዓመት ግን ዋስትና አይሆንም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለባልሽ የምትነግሪው አንድ ታሪክ ልስጥሽ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሄድ አሸዋውን ረግጦ ያልፋል። ነጋዴው ዕቃውን ይዘረጋበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ያ ደረቅ አሸዋ ወንዝ ሆኖ አደረ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። ውሃውን ያመጣው በአመዛኙ ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ የወረደው ዝናብ ነበር። የከተማው ሰው የራሱን ሰማይ አይቶ «ዛሬ ምንም የለም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኦሞ ውስጥ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎችን ፈጀ፤ ከብቱ ቤት ይቁጠረው። «እሱ የክረምት ጉዳይ ነው» እንዳትሉ ደግሞ፣ ደቻቱ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በበልግ ዝናብ ተመልሶ መጥቶ ሰው ገድሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የወንዝ ሙላት ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ጋምቤላ ላይ ባሮ፣ ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ፣ አፋር ላይ አዋሽ በሜዳ ላይ ስለሚተኙ ውሃው ከፍ እያለ የሚመጣው በሰዓታትና በቀናት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ ሰው ወሬውን በጊዜ ከሰማ እህሉን ከፍ ወዳለ ቦታ ያወጣል፣ ከብቱን ይነዳል፣ ልጆቹን ዘመድ ጋ ይልካል። ሁለተኛው እንደ ደቻቱ በድንገት የሚወርደው ደራሽ ውሃ ነው። ይሄኛው ጊዜ አይሰጥም።

የአዲስ አበባ ወንዞች ከየትኛው ወገን ናቸው? ከሁለተኛው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ደግሞ 2100 ሜትር አካባቢ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቀጡ ይሄን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት በአጭር ርቀት ውስጥ ነው። እንጦጦ ላይ ዶፍ ሲወርድ አንቺ ሰፈር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ደግሞ አስፋልትና ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃውን አይመጠውም። ቱቦው በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኗል። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ወንዙ፣ ማለትም ወደ አንቺ ጓሮ። በቅርብ ዓመታት ብዙ የወንዝ ዳር ቤቶች በልማት ተነስተዋል፤ የቀሩት ግን ገና አሉ፤ ኪራያቸውም ርካሽ ስለሆነ የሚገባባቸው አብዛኛው እንደ እናንተ ገና ኑሮ የጀመረ ወጣት ነው።

አሁን ወደ ባልሽ ልምጣ። «ወጥተን እንሮጣለን» ላለው ነገር። ወንድሜ፣ ሩጫው በስንት ሰዓት ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እናትህን ተሸክመህ፣ ነፍሰ ጡር ሚስትህን ይዘህ? በኃይል የሚወርድ ውሃ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ማለትም ቁርጭምጭሚት አለፍ ቢል፣ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲሞላ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ከሥር ያለውን ክፍት ቱቦ አታየውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች አልተሳሳቱም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የማትወዱትን ልናገር፤ ሌላ ቤት ፈልጉ። ኪራይ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ «ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» የሚባለውም ለእንደናንተ ዓይነቱ ነው። ግን አንድ ክፍል ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ሁለት ክፍል ወንዝ አፍ ላይ ከሚሆን ይሻላል። ዛሬ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ሐምሌና ነሐሴን አማትሽ ዳገት ላይ ያለ ልጃቸው ወይም ዘመዳቸው ጋ ይክረሙ። «ከቤቴ አባረረችኝ» እንዳይሉ ልጃቸው ራሱ ይንገራቸው። አንቺ አፍሽን አታስገቢ!

ሁለተኛው ዛሬ የተነሳሁበት ዋና ነገር ነው። እድር! አዎ፣ እድር። እኛ ወጣቶች እድር ሲባል የሽማግሌ ነገር፣ የለቅሶ ነገር አድርገን እናየዋለን። እስቲ ግን አስቡት። የሰፈሩን ሰው በስም የያዘ መዝገብ ያለው ማነው? ሰው ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳን ሰምቶ የሚነሳለት ጡሩምባ ያለው ማነው? ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበርና በችግር ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ያለው ማነው? አንድ ሰፈር ለጎርፍ ለመዘጋጀት ከሚያስፈልገው ግማሹ እድር ቤት ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። የሚወጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም ትላላችሁ?

ታዲያ ያው ጡሩምባ ከለቅሶ በፊት ለምን አይነፋም? ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ወንዙ ላይ ወደ ላይኛው ሰፈር ያለ የአንድ ሰው ስልክ ይያዝ፤ እሱ ጋ ውሃው ሲያገሳ ለታችኛው ይደውላል። የታችኛው ሰፈር ተረኛ ጡሩምባውን ይነፋል። የለቅሶ እንዳይመስል አነፋፉ ይለይ፤ ለምሳሌ ሳያቋርጥ ቢነፋ ሁሉም «ውጡ!» ማለት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። የት እንደሚኬድም ይወሰን፤ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ መስጊድ ይሁን፣ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ራሳቸውን ችለው የማይወጡ ሰዎች፣ አልጋ ላይ ያሉ፣ አራሶች፣ ዓይናቸው የማያይ በመዝገብ ይያዙ፤ ለእያንዳንዳቸውም ሁለት ጎረምሳ ይመደብ። ሁለት ያልኩት አንዱ ያን ሌሊት ቤቱ ላያድር ስለሚችል ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ሁሉም ወጥቶ ቱቦውን ይጥረግ።

እዚህ ላይ ለተከራዮች ሁሉ የምነግራችሁ ነገር አለ። አብዛኞቻችን የእድር አባል አይደለንም። «ለ6 ወር ነው የምቀመጠው፣ ምን አስገባኝ?» እንላለን። ታዲያ ስማችን መዝገቡ ላይ ከሌለ፣ ያን ሌሊት በራችንን የሚያንኳኳው ማነው? ጓሮ ውስጥ፣ ከአከራይ ቤት ኋላ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንስ ማን ያውቃል? ብዙ ጊዜ ለወንዙ የሚቀርበው ደግሞ ይሄው የጓሮ ቤት ነው። አባል መሆን ባትችሉ እንኳን ለእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቀርባችሁ «እዚህ ቤት ሦስት ነን፣ አንዷ መራመድ አይችሉም፣ ስልካችን ይሄ ነው» በሉ። ይሄ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ሥራ ነው። መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ በወፍራም ፌስታል ተጠቅልሎ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የአማትሽ መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ትንሽ ገንዘብና ደረቅ ልብስ ይጨመርበት። ቦርሳው በር አጠገብ ይንጠልጠል። ዱቄትና እህል መሬት ላይ አይቀመጥ። ስልካችሁ ሞልቶ ይደር። ውሃ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ቆጣሪው ጋ በደረቅ እግር መድረስ ከተቻለ ማብሪያ ማጥፊያውን አውርዱ፤ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን እንዳትነኩት። ለቴሌቪዥን ብሎ የተመለሰ ሰው ሁለቱንም ያጣል። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

ምልክቶቹንም እወቁ። ወንዙ ድንገት ቀለሙን ቀይሮ ሲደፈርስ፣ ቅርንጫፍና ቆሻሻ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ከላይ በኩል ድንጋይ የሚያንከባልል የሚመስል ጩኸት ሲሰማ፣ «እስቲ ልየው» ብሎ ወደ ዳር መሄድ የለም። ወደ ዳገቱ ብቻ! ውሃው ከሄደ በኋላም አትዘናጉ። የአዲስ አበባ ጎርፍ የሽንት ቤቱን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። የነካውን ምግብ ጣሉ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ግድግዳው መሰንጠቁን ሳታዩ አትግቡ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ተቅማጥ ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ «ባሌን እንዴት ላሳምነው?» ላልሽኝ። ማታ ደክሞት ሲገባ አትጨቅጭቂው፤ ማታ የተጀመረ ክርክር እልህ ነው የሚያተርፈው። እሑድ ጠዋት ቡና አፍልተሽ፣ «ና እስቲ አንድ ነገር እንሞክር» በይው። እናቱን ከአልጋ አስነስቶ፣ ደግፎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ከፍ ያለ ቦታ ድረስ ይውሰዳቸው። አንቺ ሰዓት ያዢ። በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መንገድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ንገሪው። ከዚያ በላይ ምንም አትናገሪ። እናቱን የሚወድ ሰው ከሆነ፣ ከዳገቱ ሲመለስ ቤት ፍለጋውን ወይም እድሩን ራሱ ያነሳዋል። ካላነሳ ደግሞ እንደገና ጻፊልኝ፤ ያኔ የምናወራው ስለ ወንዝ አይደለም፣ ስለ ባልሽ ነው።

ሌሎቻችሁም ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ወይም እህት ወንድማችሁ የሚኖር፣ ይሄን ጋዜጣ ካነበባችሁ በኋላ ለእድሩ ጸሐፊ ስጡልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፣ ሰኔ ሳይጠና እንታጠቅ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!