በመርከብ ላይ ቁርስ የት ይበላ?

ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ሥራውን አቋርጦ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በመዝናኛ መርከብ የሚሳፈረው ዕረፍት ፍለጋ እንደ ሆነ የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ይኸው ዕረፍት ፈላጊ መንገደኛ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቁርስ ሲሄድ ብንከተለው፣ በከተማ ለሥራ ከሚሮጠው ሰው ብሶ ሲጋፋ፣ ሲሰለፍና ሲቆጣ እናገኘዋለን። ይህ ሁከት የሚነሣው ምግብ ስላነሰ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ በር ስለሚጐርፍ ነውና፣ ለመንገደኛው የሚበጀውን ማሰብ ከቁም ነገር የሚቈጠር ይመስለኛል።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለውን መርከብ እንመልከት። በፊንላንድ አገር በቱርኩ ከተማ ተሠርቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጥር ወር 2024 ከማያሚ ወደብ ተነሥቶ የመጀመሪያ የመንገደኛ ጉዞውን ያደረገው ይህ ግዙፍ ሐመር 20 ፎቆች ሲኖሩት፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢያድርበት 5,610፣ ሞልቶ ሲጭን ደግሞ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፤ በላዩ የሚያገለግሉትም ሠራተኞች 2,350 ያህል ናቸው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ በየማለዳው የሚዘረጋው ማዕድ በአንድ ስፍራ የተወሰነ አይደለም፤ ከላይ «ዊንድጃመር» የሚባለው የቡፌ ቤት፣ ከታች ሰው ተቀምጦ የሚስተናገድበት ትልቁ የመመገቢያ አዳራሽ፣ ዛፍና አበባ በተተከለበት ስፍራ «ፓርክ ካፌ»፣ በመርከቡ ውስጥ ባለው ዋና መተላለፊያ ደግሞ «ፐርል ካፌ» አሉ፤ በእነዚህ ሁሉ የሚቀርበውንም ቁርስ መንገደኛው በቲኬቱ ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎታል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶለት ሳለ ግን ብዙው ሰው በአሳንሰሩ እየተጋፋ ወደ ቡፌው ይወጣል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ቡፌው ለመዋኛው ገንዳ ቅርብ ነው፤ ባሕሩ በሰፊው መስኮት ይታያል፤ የሚበላው በዓይን ታይቶ ይመረጣል፤ አስቀማጭና አሳላፊ መጠበቅም የለም። ሆኖም መርከቡ ወደብ ሳይነካ በባሕር ላይ በሚውልበት ቀን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ወደዚያ የገባ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። አንዱ ሳሕኑን በእንቁላል፣ በቋሊማና በፓንኬክ ከምሮ፣ በሌላ እጁ ቡናውን ይዞ፣ ባዶ ወንበር ፍለጋ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራል፤ አገኘሁ ብሎ ሲቀርብ ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ተቀምጦበት ያገኛል፤ የባርኔጣው ባለቤት ሁለተኛ ሳሕን ሊሞላ ሄዷልና። ኦምሌት ጠባሹ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ሽንኩርት ይጨመር፣ ቃሪያ ይቅር እያለ መጠየቅ ስላለበት፣ አራት መጥበሻ ባንድ ጊዜ ይዞ ለእያንዳንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ በሃያኛው ተራ የቆመው ሰው ሩብ ሰዓት መጠበቁ ነው፤ ሚስቱ ያነሣችለት እንጀራ መሰል ፓንኬክም እስከዚያ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። ተመልሶ መሰለፍን የሚፈራ ሰው ደግሞ ከሚበቃው በላይ ስለሚያነሣ፣ ግማሹ ሳይነካ ወደ መጣያ ይሄዳል።

በጥንት ዘመን ሥርዓተ ማዕዱ እንዲህ አልነበረም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚመላለሱት በታላላቆቹ መርከቦች ላይ መንገደኛው የሚቀመጥበት ወንበርና የሚመገብበት ሰዓት አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። በ1936 ጉዞ የጀመረችው «ክዊን ሜሪ» በአንደኛ ማዕረግ የመመገቢያ አዳራሿ ግድግዳ ላይ ትልቅ የውቅያኖስ ካርታ ነበራት፤ በካርታውም ላይ ከክሪስታል የተሠራች ትንሽ የመርከብ ምስል እየተንቀሳቀሰች ጉዞው የደረሰበትን ስፍራ ለተመጋቢዎቹ ታመለክት ነበር። ያ ሥርዓት ሰውን በማዕረግ እየለየ ያስቀምጥ ስለ ነበር እንዳለ ይመለስ የሚል የለም። ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ መንገደኛው በወደደው ሰዓት፣ በወደደው ስፍራ እንዲመገብ ሲፈቅድም ብዙዎች ደስ ብሏቸው ተቀብለውታል፤ ሌሎቹ ኩባንያዎችም በየፊናቸው ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። ነገር ግን የመምረጥ ነጻነት የሚጠቅመው ለሚመርጥ ሰው ነው፤ ሌላው በሄደበት ለሚነዳ ሰው ግን ነጻነቱ ወረፋ ብቻ ያተርፍለታል።

ስለዚህ መርከቡ በባሕር ላይ በሚውልበት ቀን፣ የሚያስቸኩል ጉዳይ የሌለው ሰው ወደ ታችኛው የመመገቢያ አዳራሽ ቢወርድ ይሻለዋል እላለሁ። ዋጋው ከቡፌው አይለይም፤ አሳላፊው አስቀምጦት፣ ቡናውን ቀድቶለት፣ እንቁላሉን እንዳዘዘው ትኩሱን ያመጣለታል። ካርኒቫል በተባለው ኩባንያ መርከቦች ላይ እንዲያውም በባሕር ቀን በዚሁ አዳራሽ ቁርስንና ምሳን ያዋሐደ ማዕድ ስለሚቀርብ፣ አርፍዶ የተነሣ ሰው እንኳ ሳይሳቀቅ ይመገባል። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥን የሚፈራ ሰው ለብቻው ጠረጴዛ መለመን ይችላል፤ ሆኖም ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለው ላሳደጉት ሰው፣ ከሌላ አገር መንገደኛ ጋር ዳቦ እየቈረሱ መጨዋወት ከጉዞው በረከት አንዱ ነው። አዳራሹ ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ያዘገያል፤ በባሕር መካከል ያለ መንገደኛ ግን ወዴት ሊደርስ እንደሚቸኩል የሚነግረን አላገኘንም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አዳራሹ ከቡፌው ቀድሞ የሚዘጋ በመሆኑ ሰዓቱን በዋዜማው ከዕለቱ መርሐ ግብር አይቶ ማደር ነው።

መርከቡ ወደብ በሚደርስበት ቀን ግን ፍርዱ ይለወጣል። ያን ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመውረድ ስለሚሻ ተቀምጦ ማዘዝ ያስጨንቃል፤ እንግዲያስ በክፍሉ የቁርስ ማዘዣ ካርድ ካለ በዋዜማው ሞልቶ በበሩ እጀታ ላይ ሰቅሎ ማደር፣ ወይም ከካፌዎቹ ዳቦና ፍራፍሬ ቀምሶ መውጣት ይበጃል። በብዙ መርከቦች ላይ ቡና፣ ዳቦና ፍራፍሬ የመሳሰለው ቀላል ቁርስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ክፍል ይመጣል፤ ትኩስ ምግብ ሲታዘዝ ግን የሚያስከፍሉ ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ክፍሎቹ በማለዳ ተለቀው ሕዝቡ ሻንጣውን እየጐተተ ወደ ቡፌው በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ፣ ቀድሞ ካልተነሡ በቀር ከዚያ መራቅ ነው።

ቡፌውን ግን ጨርሶ ልነቅፈው አልሻም። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ባልቲሞር ወደብ የሚቀርባቸው ወገኖቻችን ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ፣ የጾም መብልዕን ከፍስኩ ለይቶ ለማንሣት ቡፌው ይመቻቸዋል፤ ፍራፍሬው፣ ዳቦው፣ ባቄላውና ቲማቲሙ በየቦታው ተዘርግቶ ይገኛልና። ብቻ የአጃው ገንፎ በወተት ይሁን በውሃ፣ ድንቹም በቅቤ ይሁን በዘይት መሠራቱን ሠራተኛውን መጠየቅ አያሳፍርም። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ሰው ደግሞ የቁርሱ ሰዓት ስለሚያልፍበት፣ ጭንቀቱ ሁሉ ለእርሱ ቀርቶለታል።

የትም ቢበላ ግን እጅን በውሃና በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። በመርከብ ላይ ሆድን የሚያውከው ኖሮቫይረስ የተባለው ተሕዋስ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከማንኪያ ወደ ማንኪያ ስለሚተላለፍ፣ በአልኮል የተዘጋጀው ማጽጃም እንደሚገባ ስለማይገድለው፣ ሁሉም የሚነካው የቡፌ ማንኪያ ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርከቦችን ሳያስጠነቅቅ እየመረመረ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ 86 ያላገኘውም እንደ ወደቀ ይቈጠራል፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጣልና ከመሳፈር በፊት ማየት ይቻላል። ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅ ማስታጠብ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነውና፣ ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆንብን አይገባም።

እንግዲህ መንገደኛ ሆይ፣ በባሕር ቀን ወደ አዳራሹ ውረድ፤ በወደብ ቀን ክፍልህ ውስጥ ቀምሰህ ውጣ፤ ቡፌውን ከወደድህ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረስ፤ የምትጨርሰውን ብቻ አንሣ፤ ጠረጴዛህንም በልተህ ስታበቃ ለሚቀጥለው ሰው ልቀቅ። አንተ ከመነሣትህ በፊት ተነሥቶ ቡናህን ያፈላውን፣ ከቤተ ሰቡ ብዙ ወር ተለይቶ በባሕር ላይ የሚያድረውን አሳላፊም በስሙ ጠርተህ አመስግነው፤ ስሙ በደረቱ ላይ ተጽፏል።