ዝገት ላይ ቀለም አትቀቡ

አባቶቼ፣ እናቶቼ! ይህን የምጽፈው ሰው ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ፊደል ላስቆጥር ወደ እናንተ ስመጣ የማኅበሩን የእህል መጋዘን በር አብረን ቀባን። ዝናቡ ጋብ ሲል ቶሎ ቶሎ ብለን ዝገቱ ላይ ለቀለቅነው። አረንጓዴ ሆኖ አማረ። «ቀለሙ ዝገቱን ይበላዋል» ያልኩትም እኔው ነኝ። በዓመቱ ስመለስ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ከበሩ ግርጌ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቷል። አይጥ ገብታ የዘር ስንዴውን በልታለች።

አሁን ደግሞ «ሁለት ጋሎን ቀለም ይገዛ» ሲባል ሰማሁ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ በሩ ይፋቅ! ቀዳዳውንም ቀለም አይደፍነውም፤ የብየዳ ሥራ ነው።

ዝገት ልል ነው፤ ውሃና አየር ያስገባል። ከላይ ቀለም ብትደርቡበት ከሥር ብረቱን መብላቱን አይተውም። እያበጠ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። ለጤፍ ደጋግማችሁ ታርሳላችሁ እንጂ ዳዋ ላይ ትዘራላችሁ?

ቅባትም አለ። እናቶቼ፣ ምጣዱን የምታስሱት እንጀራው እንዳይዝ አይደል? የእጅ ወዝ ያለበት ብረትም ቀለሙን እንዲሁ ይለቀዋል። ስለዚህ በሩን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡት። በላምባ መወልወል ይቅር፤ ላምባ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል።

ከዚያ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቁ። ማጠፊያውና ግርጌው ላይ አትቸኩሉ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባል መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ይችላል (የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም)። ሕፃናትን በጣም ይጎዳል። እያረጠባችሁ ፋቁ፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ልጆችንም እህሉንም አርቁ። የተፋቀው ብረት ሳያድር፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ሱቅ ውስጥ አንቲረስት የሚሉትን ፀረ ዝገት በዚያው ቀን ቀቡት። ቀለሙ የሚመጣው እሱ ከደረቀ በኋላ ነው።

የጣራ ቆርቆሮ ግን ሌላ ነው። ብልጭ የሚለው ሽፋኑ ዚንክ ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀውም እሱ ነው። ያልዛገውን ቆርቆሮ በሽቦ አትፈቅፍቁት፤ እጠቡት ብቻ።

እኔ ቅዳሜ ጧት መጋዘኑ ዘንድ እገኛለሁ። የሽቦ ብሩሽ ያለን አንድ ነው፤ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።