ግድግዳም ጆሮ አለው

በቅርቡ ወደ ሆሳዕና በሄድኩበት ጊዜ አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነች እህታችን ቡና ጠርታኝ ነበር። ሁለተኛው እንደቀረበ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ አያቱን፣ «እማማ፣ ቀይ ሽብር ማለት ምን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። እማማ መልስ አልሰጡም። ከመቀመጫቸው ተነሥተው መስኮቱን ዘጉና፣ «ዝም በል ልጄ፤ ግድግዳም ጆሮ አለው» አሉት። የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወድቋል። በመስኮቱ ውጭም ከዶሮዎች በቀር ማንም አልነበረም። ልጁ ግን ዝም አለ።

ለብቻችን ስንሆን እናቱ ነገሩን አጫወተችኝ። በያኔው የከምባታና ሀዲያ አውራጃ እንደነበሩ ብዙ ወላጆች፣ አያቷም ልጃቸውን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልከው ነበር። ይህ የእማማ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ተይዞ ሳይመለስ ቀረ። ቤተሰቡ ድንኳን አልጣለም፤ ለቅሶም አልተቀመጠም። እማማ ሌሊት መኪና ሲቆም በሰሙ ቁጥር እስከ ዛሬ ከአልጋቸው ይነሣሉ። «እኔም በር ሲንኳኳ ልቤ ይደነግጣል። ከየት እንዳመጣሁት ግን አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ውድ እናቶች፣ ፍርሃት እንዲህ ይወረሳል። ልጅ ቃል ከመስማቱ በፊት የእናቱን ፊት ያነባል። ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ደግሞ በራሱ ግምት የባሰውን ያስባል።

የታሪክ መጻሕፍት የሞቱትን ይቆጥሩልናል። ፍርሃት በቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በቅርብ የሚያሳየን ግን ልብ ወለድ ነው። መዓዛ መንግሥቴ በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ያሳተመችውና በአማርኛ «ከአንበሳው ዓይን ሥር» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደራሲዋ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ከአገር የወጣች ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ኃይሉ የሚባል ሐኪም በወታደሮች እጅ እጅግ የተሠቃየች ወጣት ታክምልን ተብሎ ትቀርብለታለች። ካዳናት ተመልሳ ወደ ሥቃይ ልትገባ ነው። ሐኪሙ እንድትሞት ይረዳታል፤ በዚህም ምክንያት እርሱ ራሱ ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። ልጆቹ፣ ምራቱ፣ የልጅ ልጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየፊናቸው ይሸከሙታል። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ለመነጋገር የማይደፍሩበት ሰዓት ይመጣል።

ፍርሃቱ በደራሲው ላይ የደረሰበት ጊዜም ነበር። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሞቷል የሚል ሰው ሳይኖር፣ አለ የሚልም ሳይገኝ፣ ቤተሰቡ ዓመታትን በመጠበቅ አሳለፈ። መርዶ ያልተነገረበት ሐዘን ቁርጥ ስለሌለው ከሁሉም ይከብዳል። በቀይ ሽብር ዘመን የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ፣ እንዳያለቅሱም የተከለከሉ እናቶች ይህን ያውቁታል።

ታዲያ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በአዲስ አበባም ያለን እናቶች ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ልጅ ሲጠይቅ አንቆጣው። «ያን ጊዜ ክፉ ነገር ደርሶብናል፤ እኔ የምፈራው ከዚያ የተነሣ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ለሕፃንም ይበቃል። የሥቃዩን ዝርዝር ለትንንሾች መተረክ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ከፍ ካሉት ጋር መጽሐፍ አብረን እናንብብ፤ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣም በመስቀል አደባባይ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እናሳያቸው። ስለራሱ ለመናገር የከበደው ሰው ስለመጽሐፉ ሰው መናገር ይቀለዋል። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ቅዠት፣ የማይለቅ ድንጋጤና ከሰው መሸሽ የሐኪም እርዳታ የሚሹ ሕመሞች እንጂ የእምነት ጉድለት ወይም የባሕርይ ድክመት አይደሉም። አረጋውያንን በግድ ማናገር ግን ቁስላቸውን ይነካል፤ በፈቀዱት ጊዜና በፈቀዱት ልክ ይሁን።

ያቺ የሆሳዕና እህታችን በቅርቡ ስልክ ደውላልኝ ነበር። እማማ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው የወንድማቸውን ስምና ኳስ ይወድ እንደነበር ነግረውታል። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። «መስኮቱን ግን አስቀድመው ዘግተውት ነበር» አለችኝ።

ይሁን፤ መስኮቱም ቀን አለው።