«ለጥናት ነው የምንደውለው»፦ የምርጫ ሰሞን የስልክ ጥሪን ማን ይቆጣጠር?

ስልክ ይጠራል። ቁጥሩ አይታወቅም። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ለአጭር ጥናት ነው የምንደውለው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ይላል ትሁት ድምፅ። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ «የእገሌ ፓርቲ ዕጩ የእርዳታ ስንዴ ሸጧል ተብሎ ቢከሰስ ይመርጡታል ወይስ አይመርጡትም?»

ልብ በሉ፣ ሸጧል አላለም። ተከሷልም አላለም። «ቢከሰስ» ነው ያለው። ግን ስልኩ ሲዘጋ ጆሮ ላይ የሚቀረው ስንዴው ነው። ማታ ቡና ላይ ወሬው «ሸጧል አሉ» ሆኖ ይወጣል።

ይህን ጥሪ ለምሳሌ የጻፍነው እኛ ነን። ዘዴው ግን የቆየ ነው፣ ፈረንጆቹ «ፑሽ ፖል» ይሉታል፦ ጥናት መስሎ የሚመጣ ቅስቀሳ። በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና የሆነው ነው። ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት ይወዳደሩ በነበሩት ጆን ማኬይን ላይ «ከጋብቻ ውጭ ጥቁር ልጅ እንደወለዱ ቢያውቁ ይመርጧቸዋል?» የሚል ጥያቄ በስልክ ተሰራጨ። እውነቱ፣ ማኬይንና ባለቤታቸው ከባንግላዴሽ የወሰዷት የማደጎ ልጅ ነበረቻቸው። ማኬይን በዚያች ግዛት ተሸነፉ። ከጥሪው ጀርባ ማን እንደነበረ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ቀረ።

እሺ፣ ይሄ ደባርቅና ዳባትን ምን አገባቸው?

ዳባት ስለ ጥናት ከብዙ ከተሞች በላይ ታውቃለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያ ወረዳ ውስጥ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እየተባለ ቤት ለቤት ይመዘገባል። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚጠይቅ ይናገራል፣ ፈቃድ ይጠይቃል። አልፈልግም ማለት ይቻላል። ወደ 30 ዓመት ገደማ የተገነባ እምነት ነው።

አሁን አንድ ደዋይ «ከዩኒቨርሲቲ ነው» ብሎ ያንን የስንዴ ጥያቄ ቢጠይቅ የሚበላው ይህንን እምነት ነው። ምርጫው ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሕፃናት ሞት ሊጠይቅ የመጣው እውነተኛ ሠራተኛ ግን በር ይዘጋበታል። ስለ ፑሽ ፖል ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የተጎዳው ዕጩ ነው። እዚህ አካባቢ ግን ከዕጩው በላይ የሚጎዳ ነገር አለ።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ፣ ሰው ዘመዱን የሚያገኘው ኔትወርክ ሲኖር በድምፅ ጥሪ ብቻ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚህ ሁኔታ ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣ «ማንን ይደግፋሉ?» የሚል ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። መልሱ የት ይጻፋል? ለማን ይደርሳል? ከእርዳታ ዝርዝር ጋርስ ይያያዛል? እዚህ ስሜን ግርጌ በተን ስልክ የያዘች እናት ይህን ሁሉ አስባ ነው አፏን የምትከፍተው። ወይም ዝም የምትለው።

የእርዳታው ነገር ቅዠት አይደለም። በ2024ቱ የህንድ ምርጫ ፓርቲዎች «ሰርቬይ ነው» እያሉ ከምርጫ በኋላ ለሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም የመራጮችን ስም ሲመዘግቡ ተገኝተው፣ የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን ባስቸኳይ እንዲያቆሙ አዟል።

የእኛ ሕግስ? የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 የሚይዘው ሐሰት መሆኑ እየታወቀ ወይም መታወቅ ሲገባው የተሰራጨና ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነን ንግግር ነው። ጥያቄ ደግሞ ሐሰት ነው እውነት ነው አይባልም፣ «ጠየቅኩ እንጂ መቼ አልኩ» ብሎ ያመልጣል። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ቅስቀሳ የሚከለከልባቸው አራት የጥሞና ቀናት ነበሩ። «እኔ አጥኚ ነኝ፣ አልቀሰቀስኩም» የሚል ደዋይ ግን በዚያም ሾልኮ ማለፍ ይችላል።

የተሻለ የሚይዘው፣ በእኛ ግምት፣ ብዙ ሰው ከምርጫ ጋር የማያያይዘው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ነው። ፖለቲካዊ አመለካከት በአዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው፣ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ስለዚህ ለደዋዩ የሚቀርበው ጥያቄ «ምን አልክ?» ብቻ ሳይሆን «ቁጥሬን ከየት አመጣኸው? መልሴን የት አስቀመጥከው?» ጭምር ነው። ሲም ካርዳችን በስማችን የተመዘገበ ነው፣ የቁጥር ዝርዝር ያለው ሰው ስማችንንም ሊያውቅ ይችላል።

የጎደለው ለምርጫ ጥሪ ብቻ የሚሆን አጭር ደንብ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ምርጫ መራጮችን ወደ ተሳሳተ ጣቢያ የሚልኩ የተቀዱ ጥሪዎች ጉድ ሠርተዋት፣ በ2014 ሕግ አወጣች። በምርጫ ወቅት በጥሪ አገልግሎት የሚጠቀም ይመዘገባል፣ የሚነበበውን ጽሑፍና የድምፅ ቅጂም ያስቀምጣል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2012 በወጣ ሕግ የምርጫ አስተያየት ጥናት የሚያትም ሁሉ ማን እንዳሠራውና ስንት ሰው እንደተጠየቀ አብሮ እንዲገልጽ ታስገድዳለች።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። «ጥናት ለማድረግ አስቀድሞ ፈቃድ ይውጣ» የሚል ሕግ ብናወጣ የመጀመሪያው ተጎጂ ሐቀኛው አጥኚ ነው። አጭበርባሪው እንደሆነ ፈቃድ አይጠይቅም። ደስ የማይል ጥያቄን መከልከልም አያስኬድም፣ እውነተኛ አጥኚም አንዳንዴ ከባድ ጥያቄ ይጠይቃል። የሚለያቸው ሌላ ነው። የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ ባካሄደው የስልክ ጥናት ከ3,200 በላይ ቤተሰቦችን አነጋግሮ የአገር ሁኔታ ለካ፣ ውጤቱንም አሳተመ። የውሸቱ ግን ለካ አልለካ ግድ የለውም፣ የሚፈልገው ብዙ ጆሮ ነው። ዕድሜ አይጠይቅም፣ ቀበሌ አይጠይቅም፣ ውጤቱም የትም አይወጣም። ስለዚህ ደንቡ የሚቆጥረው የጥሪውን ብዛት፣ የደዋዩን ማንነትና የውጤቱን መታተም ቢሆን ማንንም አፍ ሳያዘጋ ይይዛል።

ቦርዱም ባለሥልጣኑም ያን እስኪያወጡ ድረስ ግን ስልኩ የሚጠራው ቤታችን ነው። እናትና አባት ገጠር ያላችሁ፣ ዛሬ ስትደውሉ ይህችን ንገሯቸው፦ «ማን ልበል? ማን ነው የላከህ? ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ሦስቱን ካልመለሰ «ካርድህን አትጨርስ ልጄ» ብሎ መዝጋት ነው።