የኦክታቪያ በትለር ትንቢት

ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር «የዘሪው ምሳሌ» የተሰኘ ልቦለዷን እ.ኤ.አ. በ1993 ስታሳትም፣ ታሪኩን ያስጀመረችው ያኔ ሩቅ በነበረው በጁላይ 2024 ነው። ሎረን ኦላሚና የተባለች የ15 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በግንብ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ሆና የዕለት ማስታወሻዋን ትጽፋለች። ከግንቡ ውጭ ውሃ ከቤንዚን ይወደዳል። ፖሊስ የሚመጣው ለከፈለ ነው፤ መጥቶም ብዙ አይፈይድም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 በሚለው ገጽ ላይ ሎረን እሳት መነሳቱን ትመዘግባለች። በገሃዱ ዓለም ደግሞ ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ በትለር በተቀበረችበት በአልታዴና የተነሳው ሰደድ እሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በላ።

እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ያስደነግጣል። በ1998 በታተመው ተከታይ መጽሐፍ፣ «የመክሊቱ ምሳሌ» ውስጥ፣ አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርጋት እያለ የሚቀሰቅስ ሰባኪ ፖለቲከኛ መኖሩን ሲሰማ የማይገረም የለም። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2020 በኒውዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ደራሲዋ ከሞተች 14 ዓመት ሆኗት ነበር። ብዙዎች «ነቢይት» የሚሏት ከዚህ ተነስተው ነው። ጥቁር ሴቶች የሚጽፉት የክፉ ዘመን ልቦለድ፣ ዲስቶፒያ የሚባለው፣ ዛሬ ልብ የሚነካው የሚመጣውን አስቀድሞ ስላየ ነው ባይ ናቸው።

የተቃራኒው ወገን ክርክርም ውሃ ያነሳል። አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርጋት የሚለውን መፈክር ሮናልድ ሬገን በ1980 የምርጫ ዘመቻው ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ በትለር ቃሉን ለማግኘት ራእይ ማየት አላስፈለጋትም። በካሊፎርኒያው የሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት በተቀመጡት ወረቀቶቿ መካከል ከጋዜጣ የቆረጠቻቸው ዜናዎች አሉ። ድርቁ፣ የታጠረው ሰፈር፣ የዓለም ሙቀት መጨመር፣ የ1992ቱ የሎስ አንጀለስ ሁከት፣ ሁሉም ዓይኗ ሥር ነበሩ። 2020ም ቢሆን ተራ ዓመት አልነበረም። ወረርሽኙ አለ፤ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ደግሞ የጥቁር ደራስያንን መጽሐፍ መግዛት ለአንዳንዱ እንደ ንስሐ ሆኖ ነበር። አሳታሚዎችም ገበያው አላመለጣቸውም። እኔ እንደማየው ይህ መጽሐፉ ለምን እንደተሸጠ ያስረዳል፤ የገዛው ሰው አንብቦ ለምን ለጓደኛው እንደሚያውሰው ግን አያስረዳም።

የትንቢቱን ነገር ይበልጥ የሚያዳክመው የሌላዋ ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ የኤን. ኬ. ጀሚሲን ሥራ ነው። የሦስት መጽሐፍ ተከታታይ ልቦለዷ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በየተራ ለሳይንስ ልቦለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ወስዷል። ዓለሙ ግን አሜሪካ አይደለም፤ ቀንም የለውም። ምድሪቱ ሁሌ ትናጣለች፤ ያንን ነውጥ በኃይላቸው ማብረድ የሚችሉትን ሰዎች ደግሞ የሚያድኑት ሕዝብ ራሱ ይጠላቸዋል፣ እንደ ባሪያም ይገዛቸዋል። እዚህ ላይ «ደረሰ፣ አልደረሰም» ተብሎ የሚጣራ ነገር የለም። ሆኖም ተነበበ።

ወደ በትለር ልመለስና አንድ ቦታ ላይ ልቁም። በ«የዘሪው ምሳሌ» ውስጥ ኦሊቫር አንድ ኩባንያ የተረከባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ጥበቃ አለ፣ ሥራም አለ፤ ደመወዙ ግን ለኑሮ አይበቃም። ሠራተኛው ከኩባንያው ይበደራል፣ ዕዳው አያልቅም፣ ያለበትን ሳይከፍል ደግሞ ንቅንቅ ማለት አይችልም። የሎረን እንጀራ እናት ግን ለልጆቿ ደኅንነት ስትል እዚያ መግባት ትመኛለች፤ አባቷ አሻፈረኝ ይላል። ባልና ሚስቱ የሚከራከሩበት ክፍል ከማንኛውም ቃጠሎ ይልቅ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ አንባቢ የኦሊቫርን ዕዳ የወደፊት ስጋት አድርጎ ያነበዋል። በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ የእኩል አራሽ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ግን የአያቱን ዕዳ ያስታውስበታል። በማርጋሬት አትዉድ የ1985 ልቦለድ ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳም ከዚህ ይመነጫል፤ እዚያ የወደፊት ስጋት ሆኖ የቀረበው፣ ማንበብ መከልከሉ፣ ልጅን ከእናት ጉያ መንጠቁ፣ ለሌላ ሰው መውለዱ በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ በሕግ ሲፈጸም የኖረ ነው። እኔም የማደላው ወደዚህ ነው፤ ልቦለዶቹ የሚይዙን የሆነውን ስለሚያስታውሱ ነው።

ይህም አነባበብ ግን ጣጣ አለው። ደራሲዋን የዘሯ ምስክር ብቻ ያደርጋትና የፈጠራ ችሎታዋን ይውጠዋል። ስለ ቴሌፓቲ (ያለ ቃል ሐሳብ ስለ መለዋወጥ) እና ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የጻፈች ሴት፣ በየገጹ የአያቶቿን ሰቆቃ ብቻ እንድታወራ መጠበቅ ራሱ አጥር ነው።

ተስፋውም ቢሆን አያስማማም። ሎረን ሰፈሯ ከወደመ በኋላ የወንድ ልብስ ለብሳ በእግሯ ወደ ሰሜን ስትጓዝ፣ በየመንገዱ የምታገኛቸውን እየሰበሰበች ማኅበር ትመሠርታለች። «መሬትዘር» ብትባል የሚያምርባት አዲስ እምነትም ታስተምራለች። በ«1984» ዓይነቱ ልቦለድ ጀግናው ብቻውን ይሸነፋል፤ እዚህ ግን ሰው ማንን ማመን እንዳለበት፣ ሌሊት ማን ዘብ እንደሚቆም እየተማማረ ይሄዳል። ብዙ አንባቢ የሚወደው ይህን ነው። የእምነቱ ግብ ግን ወደ ከዋክብት መሄድ ነው፤ ዛሬ ቢሊየነሮች ከሚሸጡልን ሕልም በምን እንደሚለይ መጠየቅ ተገቢ ነው። በትለርም ነገሩን አልሸሸችውም። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ተጓዦች የሚወስደው መርከብ ስሙ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ነው፤ ሎረን ስሙን አልወደደችውም፣ ሆኖም መርከቡ በዚያው ስም ሄደ።

ከሁሉም በላይ ይህን ሁለተኛ መጽሐፍ የምታቀርብልን የሎረን ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ተነጥቃ በማያፈቅሯት ሰዎች ቤት አደገች፤ አድጋ ስትመለስ ደግሞ የእናቷን ማስታወሻ እያነበበች ትሞግታታለች። እናቴ ከእኔ ይልቅ እምነቷን መረጠች ትላለች፤ ሙሉ በሙሉም አትታረቃትም። በትለርን ነቢይት የሚሏት ሰዎች ይህችን ልጅ ብዙም ሲያነሷት አልሰማሁም።