መርዶ የተነፈገች እናት

ከማውንቴን ቪው፣ ካሊፎርኒያ

ስለ ሥልጣን ሽኩቻ፣ ስለ ድርድርና ስለ መግለጫ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን በመግለጫዎቹ ውስጥ ስሟ ተነስቶ ስለማያውቅ አንዲት ሰው ነው። የወታደር እናት ናት። ልጇ ይኑር ይሙት የሚነግራት ስለጠፋ፣ ማልቀስም መሳቅም ተከልክላ የተቀመጠች እናት።

ነገሩን ከዚሁ ከሰፈሬ ልጀምር። ማውንቴን ቪው ዳር ሞፌት ሜዳ የሚባል አሮጌ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1994 ለናሳ አስረክቦት ሄዷል። ሆኖም የካሊፎርኒያ አየር ብሔራዊ ዘብ የነፍስ አድን ክፍል፣ 129ኛው፣ ዛሬም መኖሪያው እዚያው ነው። ጉግል የሚባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በዚህች ከተማ የኮምፒዩተር ሊቁና ዘማቹ አንድ ሱቅ ገብተው ወተት ይገዛሉ፤ ልጆቻቸውም አንድ ትምህርት ቤት ይውላሉ።

እዚሁ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን አለች። ባሏ የአሜሪካ ተጠባባቂ ወታደር ነው። ዘመቻ ወጥቶ የተላከው ወዴት መሰላችሁ? ወደ ጅቡቲ! ካምፕ ሌሞኒየር ወደሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር። ከመሄዱ በፊት ባልና ሚስት ጠረጴዛ ከበው ወረቀት ሲሞሉ ሰነበቱ። ኑዛዜው ተጻፈ፤ ውክልናው ተፈረመ፤ አንድ ነገር ቢደርስበት መጀመሪያ ለማን እንደሚነገር ተመዘገበ። ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ የስልክ ቁጥር ተለጠፈ። ልጆቹ ከባለቀለም ወረቀት ሰንሰለት ሠርተው በየማታው አንዷን ቀለበት ይቆርጣሉ፤ ሰንሰለቱ ሲያልቅ አባታቸው ይመጣል። እሷም በርበሬ፣ ቆሎና በሶ በካርቶን አሽጋ በፖስታ ትልክለታለች። ካርቶኑ ከካሊፎርኒያ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ከኢትዮጵያ ድንበር አፋፍ ይደርሳል። ጠዋት ልጆቿን ለትምህርት ቤት ስታለባብስ እሱ እዚያ እራቱን በልቶ ይደውላል። ምን እንደበላ እንኳ ታውቃለች።

ናፍቆት የለባትም አላልኩም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ልቧ ይወርዳል። ልጅ ሲታመም ብቻዋን ታድራለች። የቤት ኪራዩ፣ የመኪናው ብልሽት፣ የልጆቹ ጥያቄ ሁሉ በእሷ ትከሻ ነው። የዘማች ቤት በየትም ሀገር ቀላል አይደለም።

ይህችው ሴት ግን ሌላም ወታደር አላት። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት አባል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በ2013 ነው። «ደህና ነኝ፣ እማዬን አታስጨንቂያት» ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። እናታቸው ጎጃም ናቸው። የሄዱበት ቢሮ ሁሉ ወደ ሌላ ቢሮ ይልካቸዋል። አንዱ «ይጣራል» ይላቸዋል፤ አንዱ «በሕይወት ይኖራል፣ ይጸልዩ» ይላቸዋል። እሳቸውም ይጸልያሉ። በየፋሲካው የእሱን ድርሻ ዳቦ ቆርሰው ያስቀምጣሉ።

ልብ በሉ! አንዲት ሴት፣ ሁለት ወታደር። ባዕድ ሀገር የዘመተላት ባሏ ዛሬ ምን እንደበላ ታውቃለች። በገዛ ሀገሩ የዘመተው ወንድሟ መሬት በልቶት እንደሆነ አታውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

«አሜሪካ ሀብታም ናት፤ እኛ ድሆች ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እዚህ ሀገር ወታደር ሲሞት ለቤተሰቡ 100 ሺህ ዶላር ወዲያው ይሰጣል፤ የሕይወት መድኅኑም እስከ 500 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ይህን ከኢትዮጵያ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምጠይቀው ገንዘብ የማይፈጀውን ነው። እዚህ ወታደር ሲሞት የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች እቤት ድረስ ሄደው በር ያንኳኳሉ። ቤተሰቡ ከሰማ ከ24 ሰዓት በኋላ ስሙ ለሕዝብ ይነገራል። ሁለት ሰው ልኮ በር ማንኳኳት ስንት ብር ይፈጃል? ደግሞስ መርዶን ከፈረንጅ መማር አለብን? ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ማለዳ ተነስቶ፣ ቤተ ዘመድ አስከትሎ ማርዳትን የኢትዮጵያ ገበሬ ያውቀው የለምን? መርዶ የእኛው ባህል ነው። የነጠቀን የራሳችን መንግሥት ነው።

አሜሪካንን ለማወደስ እንዳልተነሳሁ ደግሞ ይታወቅልኝ። እዚሁ ጎረቤታችን ሳን ሆዜ ያደገ ፓት ቲልማን የሚባል ታዋቂ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ የነሱ እግር ኳስ ማለቴ ነው። የሚሊዮን ዶላር ውሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ወታደር ሆነ፤ በሚያዝያ 2004 አፍጋኒስታን ውስጥ ተገደለ። ጦሩ ለቤተሰቡ «ከጠላት ጋር ሲፋለም ወደቀ» ብሎ ነገረ፤ ኒሻንም ሰጠ። ውሸት ነበር! የገደለው የወገን ጥይት ነው። ቤተሰቡ እውነቱን የሰማው ከሳምንታት በኋላ፣ የአደባባይ ስንብቱ ካለፈ በኋላ ነው። እናቱ ግን ዝም አላሉም። ጠየቁ፣ ሰነድ አገላበጡ፣ ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዶናልድ ራምስፌልድ ሳይቀሩ ተጠርተው ተጠየቁ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸውላችሁ። ሠራዊት በየትም ሀገር ይዋሻል። ልዩነቱ እናት ጠይቃ ሚኒስትር የሚቆምላት መሆኑ ነው። የእኛዋ እናት ብትጠይቅ ማን ይቆምላታል? «የማን ደጋፊ ነሽ?» ተብላ ብትመለስ ነው እንጂ!

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በንጉሡ ዘመን ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ልጆቹን ገበረ። የወደቁት ይታወቃሉ፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ደርግ ጨካኝ ነበር፤ መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ስንት ወታደር እንደወደቀ ለእናቶች ቆጥሮ አልነገረም። ያም ሆኖ በ1969ና 70 በሶማሊያ ወረራ የወደቁ ወታደሮችን ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባ ከፍቶ አሳድጓል። ወያኔ በ1983 አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከ400 ሺህ በላይ ወታደር በአንድ ጀንበር «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ። ለሀገር ዳር ድንበር የቆሰለ መቶ አለቃ ልጆቹን ይዞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለምን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አለ?

ከዚያ ባድመ መጣች። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ምሽግ ለምሽግ ረገፉ። ስም ዝርዝራቸው የት አለ? ሻዕቢያ እንኳ፣ ያ ምንም የማይነግረው ሻዕቢያ፣ «19 ሺህ ሞቱብኝ» ብሎ ቁጥር አውጥቷል። የእኛዎቹ ግን አፋቸውን ዘጉ። በሚያዝያ 1994 ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ፈረደ፤ በግንቦት 2010 ደግሞ ኢሕአዴግ ፍርዱን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። መሬቱ በውሳኔ ተሰጠ። ለመሬቱ የሞተውስ? የባድመ ዘማች እናት ልጇንም መሬቱንም መርዶውንም አጣች!

ታኅሣሥ 1999 ሠራዊቱ ሶማሊያ ገባ፤ ጥር 2001 ወጣ። አሁንም ስንት እንደሞተ ለሕዝብ አልተነገረም። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ የሟቹ ቁጥር እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። አስቡት፤ የእኛን ሙት የሚገምትልን የናይጄሪያ ሰው ነው! በጥቅምት 2016 የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ሐዘን አውጆ ለታጋይ ቤተሰቦች መርዶ ተናገረ። ዓመት ዘግይቷል፤ በዚያ ሕዝብ ላይ ያን መከራ ያመጣው ማን እንደሆነም ሌላ ክርክር ነው። ቢሆንም ነገራቸው። የትግራይ እናት ድንኳን ተክላ አለቀሰች። የፌዴራሉ ወታደር እናትስ? የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የደቡብ፣ የሱማሌ እናትስ ድንኳኗን መቼ ትትከል? ሐዘኑ ሳይነገር ደግሞ ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወንድም ወንድሙን እንዲገድል ተላከ። ያልተቆጠረ ሬሳ ላይ ሌላ ያልተቆጠረ ሬሳ!

ለአንዳንዱ ቤተሰብ ተነግሮ ይሆናል። አለቃው አዝኖ በግሉ ስልክ የደወለለትም አለ። እኔ የማወራው ስለ አንድ ደግ ሻምበል አይደለም፤ ስለ ሥርዓት ነው። መርዶ በዕድል የሚገኝ ነገር መሆን የለበትም።

«ቁጥር መናገር ለጠላት መረጃ መስጠት ነው» ይሉናል። የዩክሬኑ ዜለንስኪ ጦርነቱ እየነደደ፣ ሩሲያ በር ላይ ቆማ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 «31 ሺህ ወታደር ሞተብን» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። የባድመ ጦርነት ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ቁጥሩ የሚደበቀው ከየትኛው ጠላት ነው? «አናውቅም፣ መዝገብ የለም» ካሉም ውሸት ነው። ለወታደር ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ማን እንደቀረበት ያውቃል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስሙን ከደመወዝ መዝገብ ሰርዞታል። ለገንዘብ ቤት የተነገረ ሞት ለእናት ለምን አይነገርም?

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሞቱ ያልተነገረለት ሰው እድር አይከፈልለትም፤ አርባ አይወጣለትም፤ ተዝካር አይደገስለትም። ሚስቱ ባልቴትም ባለትዳርም አይደለችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄዶ የመጥፋት ውሳኔ እንዲያሰጥ ይፈቅዳል። ይህ ሕግ የተጻፈው ለተሰወረ ሰው ነው። ወታደር ግን አልተሰወረም! መንግሥት በስሙ ጠርቶ፣ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ በመኪና ጭኖ የወሰደው ሰው ነው። የወሰደው አካል እያለ ሚስቱ የጠበቃ ገንዘብ ፈልጋ «ባሌ ጠፋብኝ» ብላ ትክሰስ? ማንን? ልጆቹስ ጡረታቸውን በምን ወረቀት ይጠይቁ?

ሕገ መንግሥት ተብዬው በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 55 ደግሞ ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። የማወጅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤት፣ ያወጀው ነገር ስንት ሰው እንደበላ ለመጠየቅ አፍ የለውም? እጅ ለማውጣት ብቻ ነው ደመወዝ የሚበላው?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልዙር፤ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንምና። በኅዳር 2014 በዚሁ በቤይ ኤሪያ ሳይቀር «ኖ ሞር» ብለን ሰልፍ ወጥተናል። ሌሎቻችን ደግሞ በተቃራኒው ሰልፍ ቆመናል። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን ካርታ ዘርግተን ጦር መርተናል። «ግፋ በለው» ያለውም «አቁም» ያለውም አንድ ነገር አልጠየቀም፤ የሞቱት ስማቸው ማነው? ለስንቅ ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች ለመርዶ ድምፃችንን አላዋጣንም። በማግስቱ ጠዋት መኪናችንን አስነስተን ሥራ ሄድን፤ የሞተው እዚያው ቀረ። ጀግና ማለት ስሙን የማናውቀው ሰው ነው እንዴ?

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭርና ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ ከባድመ ጀምሮ የወደቀ ወታደር ሁሉ ቤተሰቡ በአካል ይነገረው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ለምክር ቤት ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የጠፋው ወታደር ሚስትና ልጆች ፍርድ ቤት ሳይንከራተቱ የሚገባቸውን ጡረታ ያግኙ። አራተኛ፣ ስማቸው በአንድ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ከየትኛው ብሔር እንደመጡ ሳይሆን የእናታቸው ልጆች እንደነበሩ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ባለቤቶቹ የጮኹ ጊዜ የሚደርስባቸውን ስለምናውቅ፣ የማይደረስብን እኛ እንጩህላቸው።

የእህታችን ባል በሰላም ተመልሷል። ልጆቹ የመጨረሻዋን የወረቀት ቀለበት አየር ማረፊያ ይዘዋት ሄደው ፊቱ ቆረጧት። የዚያኑ ሌሊት እናቷ ከጎጃም ደወሉ። እንኳን ደስ ያለሽ ብለው መረቁና «ልጄ፣ ያንቺዎቹ የወንድምሽን ነገር አያውቁ ይሆን?» ብለው ጠየቋት። አሜሪካኖቹን ማለታቸው ነው። የገዛ መንግሥታቸው እንደማይነግራቸው ካወቁ ቆይተዋል።

ይህን ጥያቄ ለአራት ኪሎ ሰዎች አስተላልፌያለሁ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእናትየዋ ይስጡ።

እግዚአብሔር የዘማች እናቶችን ያጽናልን! ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!